ከሴንት ሉዊስ እስከ ፓንቴዎን፤ የጆሴፊን ቤከር የመድረክ ሕይወት

የሃያኛው ክፍለ ዘመን የመድረክ ጥበብ ታሪክ በተወሳ ቁጥር ስማቸው ከሚነሣ ባለሙያዎች አንዷ ጆሴፊን ቤከር ናት። በውዝዋዜ ጀምራ ወደ ቀልድ፣ ወደ ዘፈን፣ ወደ ፊልምና ወደ ኦፔሬታ ተሸጋግራለች። በጦርነት ዘመን በስለላ ሥራ ተሠማርታ የፈረንሳይን ከፍተኛ ኒሻኖች ተሸልማለች። ዝናዋ ግን ብዙ ጊዜ በሃያ ዓመት ዕድሜዋ ባቀረበችው አንድ ትርዒት ብቻ ተወስኖ ሲነገር ይታያል። ከዚያ ትርዒት በፊትም ሆነ በኋላ ይህች ሴት በሕዝብ ፊት ደጋግማ ወድቃለች። አንዳንዱ ውድቀቷም ዋጋው ከእርሷ አልፎ ለሌሎች ተርፏል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።)

ጆሴፊን የተወለደችው እ.ኤ.አ ሰኔ 3 ቀን 1906 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት በምትገኘው የሴንት ሉዊስ ከተማ ነው። ቤተሰቧ እጅግ ድኃ በመሆኑ ገና በስምንት ዓመቷ በነጮች ቤት በገረድነት ተቀጠረች። አሥራ አንድ ዓመት በሆናት ጊዜ፣ በ1917፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ በምትገኘው የኢስት ሴንት ሉዊስ ከተማ በጥቁሮች ላይ ጭፍጨፋ ተፈጸመ፤ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ድልድዩን እያቋረጡ ወደ እርሷ ከተማ ሸሹ። የዚያን ቀን ትዝታ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ስታነሣው ኖራለች። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ተዳረች፤ ትዳሩም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። ቤከር የሚለውን ስም ያገኘችው በ1921 በፊላደልፊያ ካገባችው ሁለተኛ ባሏ ነው። ባልየውን ትታ ስትሄድ ስሙን ግን ይዛው ቀረች።

በዚያው ዘመን ሙሉ በሙሉ በጥቁር ባለሙያዎች የተዘጋጀ “ሸፍል አሎንግ” የተሰኘ ሙዚቃዊ ተውኔት በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ከፍተኛ ዝና አግኝቶ ነበር። ጆሴፊን በዚህ ተውኔት ለመቀጠር ባመለከተች ጊዜ ዕድሜዋ አልደረሰም፣ ሰውነቷ ቀጫጫ ነው፣ መልኳም ከተፈለገው በላይ ጠቁሯል ተብላ ተመለሰች። ተስፋ ቆርጣ ወደ ቤቷ እንደመግባት ከተውኔቱ ተጓዥ ቡድን ጋር በአልባሽነት ተቀጠረች። ከመጋረጃ በስተጀርባ ልብስ እያቀበለች ዘፈኑንም እርምጃውንም አጠናች። ከተወዛዋዦቹ አንዷ በታመመች ጊዜ ቦታው ተሰጣት።

መድረክ ላይ ያደረገችው ነገር የኋላ ሕይወቷን የሚያስረዳ ነው። ከሰልፉ ጫፍ ቆማ እርምጃ የጠፋባት መሰለች፤ ተደናቀፈች፣ ዓይኗን አጉረጠረጠች፣ ከጓዶቿ ኋላ ቀረች። ተመልካቹ ሲስቅ ቆይቶ በመጨረሻ እርምጃውን ከሁሉም በላይ አሳምራ ስታሳየው በጭብጨባ ይቀበላት ጀመር። በሙያው መሳሳትን የመሰለ አስፈሪ ነገር የለም፤ እርሷ ግን ስሕተትን ራሱን እንጀራዋ አደረገችው።

በ1925 በፓሪስ የሚታይ አዲስ ትርዒት ለማዘጋጀት ወደ ኒው ዮርክ የመጣች አንዲት አሜሪካዊት ጆሴፊንን አግኝታ ወደ ፈረንሳይ እንድትሻገር ጠየቀቻት። ቋንቋውን ለማታውቅ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። “ላ ሬቩ ኔግር” የተሰኘው ትርዒት እ.ኤ.አ ጥቅምት 2 ቀን 1925 በሻንዜሊዜ ቲያትር ተከፈተ፤ ጆሴፊንም በአንድ ሌሊት የፓሪስ መነጋገሪያ ሆነች። በተከታዩ ዓመት በፎሊ ቤርዤር ቲያትር ወገቧ ላይ ሰው ሠራሽ ሙዝ ደርድራ የተወዛወዘችበት ትርዒት ዝናዋን በመላው አውሮፓ አዳረሰው። ተመልካቹ ያየባት ግን የራሱን የቅኝ ግዛት ዘመን ቅዠት እንጂ የሴንት ሉዊሷን ልጅ አልነበረም። ጆሴፊን ይህን አውቃ ተጠቀመችበት ማለት ይቻላል፤ ምስሉ ግን ከዚያ በኋላ ለሃምሳ ዓመታት ሊለቃት አልፈለገም።

በፓሪስና በፎሊ ቤርዤር መካከል ብዙ ጊዜ የማይወሳ አንድ ነገር አለ። ላ ሬቩ ኔግር ወደ በርሊን ተጉዞ በነበረበት ወቅት ጆሴፊን የተሻለ ውል በማግኘቷ ቡድኑን ጥላ ወደ ፓሪስ ተመለሰች። ዋና ተወዛዋዡን ያጣው ትርዒት ተዘጋ፤ ከአሜሪካ ያመጣቻት አዘጋጅም ለኪሣራ ተዳረገች። ለጆሴፊን የድፍረት እርምጃ የነበረው ለባልደረቦቿ ሥራ ማጣት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጇና የኑሮ አጋሯ በሆነው በሲሲሊ ተወላጁ ጁሴፔ አባቲኖ አመራር ራሷን እንደገና መገንባት ጀመረች። የድምፅ ሥልጠና ወሰደች፣ ፈረንሳይኛ ተማረች፣ በስሟ የምሽት ክበብ ከፈተች፣ በ1927 በድምፅ አልባ ፊልም ላይ ተወነች። በ1928 በጀመረችው የአውሮፓና የደቡብ አሜሪካ ጉዞ በቪየና የሃይማኖት ሰዎች ተቃውመዋት አብያተ ክርስቲያናት ደወል እስከመደወል ደረሱ። በሙኒክ ደግሞ ትርዒቷ ታገደ። በ1930 ግን በካሲኖ ደ ፓሪ መድረክ በዘፋኝነት ቀርባ ለሁለት ፍቅሮች፣ ለአገሯና ለፓሪስ፣ የተዜመውን ታዋቂ ዘፈኗን አሰማች። ቀደም ሲል ድምፅ የላትም ይሉ የነበሩ ሃያስያን ሐሳባቸውን ለመለወጥ ተገደዱ። በ1934 “ዙዙ” በተሰኘው ፊልም መሪ ተዋናይት ሆነች። በዚያው ዓመት በኦፈንባክ “ላ ክሬዮል” ኦፔሬታ ላይ ተሰለፈች፤ ከካባሬ መድረክ ለመጣች ሴት ይህ እንደ ድፍረት የሚቆጠር ነበር።

የሕይወቷ ከባዱ ስሕተት ግን ከመድረክ ውጭ የተፈጸመና በቀጥታ ኢትዮጵያን የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ በ1935፣ በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም፣ ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ጆሴፊን ቤከር ለወረራው ድጋፏን በይፋ ገለጸች። ኢጣሊያ የዘመተችው ባርነትን ለማስወገድ ነው የሚለውን የሙሶሊኒን ቅስቀሳ ተቀብላ፣ የጥቁሮች ጦር አሰባስባ ለመርዳት ዝግጁ መሆኗን ለጋዜጠኞች ተናገረች። በዚያው ወቅት በሀርለምና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ጥቁሮች ለኢትዮጵያ ገንዘብ እያሰባሰቡ ሰልፍ ይወጡ ነበር። የቺካጎው አውሮፕላን አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ይመራ ነበር። በድኅነትና በዘር መድልዎ ያደገች፣ የጭፍጨፋ ስደተኞችን በዓይኗ ያየች ሴት ይህን መናገሯ ከንግግርም በላይ የፍርድ ጉድለት ነው። አለማወቅ እንደ ምክንያት ሊቀርብ ይችል ይሆናል፤ ሮቢንሰን ያወቀውን ግን እርሷም ልታውቀው በቻለች ነበር።

ከዚህ ንግግር ብዙም ሳይቆይ በትውልድ አገሯ ሌላ ውድቀት ጠበቃት። በፓሪስ የነገሠችው አርቲስት በአሥር ዓመቷ ወደ ኒው ዮርክ ተመልሳ፣ እ.ኤ.አ በጥር 1936 መጨረሻ በተከፈተው “ዚግፌልድ ፎሊስ” ትርዒት ላይ ከአሜሪካ ታላላቅ ኮሜዲያን ጋር ቀረበች። ውዝዋዜዋን ያዘጋጀላት ጆርጅ ባላንቺን ነበር። የሃያስያኑ ፍርድ ግን ጨካኝ ሆነ፤ ድምፅዋ አዳራሹን አይሞላም፣ በፈረንሳይ የተወደደችው አውሮፓውያን ለእንግዳ ነገር ስለሚጓጉ ብቻ ነው አሉ። ከትችቱ ከፊሉ በዘር ጥላቻ የተመረዘ ነበር። ያረፈችበት ሆቴልም በዋናው በር እንዳትገባ ከልክሏታል። ይሁንና የቀረበችው ለአሜሪካ ተመልካች በሚስማማ መልክ እንዳልነበረ መካድ አይቻልም። ከአባቲኖ ጋር ተጣልተው እርሱ ወደ ፓሪስ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ በካንሰር ሞተ። ትርዒቱ ከክረምት ዕረፍት በኋላ እንደገና ሲከፈት በቦታዋ ሌላ ተዋናይት ተተክታ ነበር።

ጆሴፊን ወደ ፎሊ ቤርዤር ተመለሰች፤ በ1937 ፈረንሳዊ አግብታም የፈረንሳይ ዜግነት አገኘች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ዣክ አብቴ የተባለ የፈረንሳይ የስለላ መኮንን መለመላት። ዝነኛ አርቲስት ድንበር ስትሻገር ብዙ የሚፈትሻት አልነበረም። በዓይን በማይታይ ቀለም የተጻፉ መረጃዎችን በዘፈን ኖታ ወረቀቶቿ ላይ ይዛ ወደ ሊዝበን ተጓዘች። በ1941 ወደ ሰሜን አፍሪካ ተሻገረች። በዚያው ዓመት በካዛብላንካ በጠና ታማ ዓመት ከመንፈቅ በላይ በክሊኒክ ተኛች፤ ሞታለች ተብሎም በአሜሪካ ጋዜጦች ተጻፈ። ከዳነች በኋላ በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ለተሰለፉ የተባባሪ ኃይሎች ወታደሮች ስትዘፍን ቆየች። ለነጻ ፈረንሳይ አየር ኃይል የሴቶች ክፍል የምክትል መቶ አለቅነት ማዕረግ ተሰጣት። ከአምስት ዓመት በፊት ያሞገሰችው ሥርዓት አሁን ከበርሊን ጎን ቆሞ የሚዋጋት ጠላቷ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የወሰደችው አደጋ የተለየ ነው። በ1951 በአሜሪካ ባደረገችው ጉዞ ጥቁሮችና ነጮች አብረው በማይቀመጡበት አዳራሽ አልዘፍንም የሚል ሁኔታ በውሏ ውስጥ አስገባች፤ ማያሚ የሚገኝ ታዋቂ ክበብም ይህንኑ ተቀበለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት በኒው ዮርክ ስቶርክ ክለብ በዘሯ ምክንያት አገልግሎት ተነፍጋ ይህንን በይፋ ስታወግዝ ግን ዎልተር ዊንቸል የተባለው ዝነኛ የጋዜጣና የሬዲዮ ሰው በኮሚኒስትነት ወነጀላት። ውሎቿ ተሰረዙ፤ ለዓመታትም በትውልድ አገሯ መድረክ ማግኘት ተሳናት። እ.ኤ.አ ነሐሴ 28 ቀን 1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ ታሪካዊ ንግግሩን ባደረገበት የዋሽንግተን ሰልፍ ላይ ስትናገር የለበሰችው የፈረንሳይ የጦር ልብሷን ከነኒሻኖቹ ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ዶርዶኝ በሚባለው አካባቢ ሚላንድ የተሰኘውን ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ገዝታ ነበር። አራተኛ ባሏ ከሆነው የሙዚቃ ቡድን መሪ ጆ ቡዮን ጋር ከተለያዩ የዓለም ክፍሎች የመጡ አሥራ ሁለት ልጆችን በጉዲፈቻ አሳደገች። ዓላማዋ የተለያየ ዘርና ሃይማኖት ያላቸው ልጆች እንደ ወንድምና እኅት ሊኖሩ እንደሚችሉ ለዓለም ማሳየት ነበር። ሚላንድን ሆቴል፣ እርሻና የራሷን ሕይወት የሚያሳይ የሰም ምስሎች ሙዚየም ጨምራ የጎብኚዎች መዳረሻ ልታደርገው ሞከረች። ሐሳቡ ሰፊ፣ ሂሳቡ ግን ያልተጠና ነበር። ገቢው ወጪውን መሸፈን ተስኖት ዕዳው በየዓመቱ ተቆለለ። መድረክ ተሰናብቻለሁ ብላ በ1956 ያወጀችው አርቲስት ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሳ ወጣች፤ ለመመለሷ አንዱ ምክንያት ዕዳው ነበር። ባሏም ቀደም ሲል በገንዘቡ ጉዳይ ጭምር ተጣልተው ተለይቷታል። በ1964 ተዋናይት ብሪዥት ባርዶ በቴሌቪዥን ቀርባ ሕዝቡ እንዲረዳት ተማጽና ነበር፤ የተገኘው ገንዘብ ቤቱን ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው አላዳነውም።

ሚላንድ በ1968 ተሸጠ። በተከታዩ ዓመት መጋቢት እንድትወጣ ስትገደድ ስድሳ ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት የቀሯት ይህች ሴት ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አልነሣም አለች። ፎቶግራፉ በዓለም ጋዜጦች ወጣ፤ ከሙዝ ትርዒቱ ፎቶግራፍ ይልቅ ስለ እርሷ ብዙ የሚናገረው ምናልባት ይህኛው ነው። የሞናኮዋ ልዕልት ግሬስ ደርሳላት ከሞናኮ አቅራቢያ ለእርሷና ለልጆቿ መኖሪያ ቤት እንድታገኝ ረዳቻት።

በ1973 በኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ስትቀርብ ተመልካቹ ገና አንድ ቃል ሳትዘፍን ቆሞ አጨበጨበላት። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት ያልተቀበላት ያው ከተማ ነው። እ.ኤ.አ ሚያዝያ 8 ቀን 1975 በፓሪስ ቦቢኖ ቲያትር የሃምሳ ዓመት የመድረክ ሕይወቷን የሚዘክር ትርዒት ከፈተች። ጋዜጦቹ አሞገሷት። ከአራት ቀን በኋላ በአንጎል ደም መፍሰስ በስድሳ ስምንት ዓመቷ አረፈች። የቀብር ሥነ ሥርዓቷ በማድሌን ቤተ ክርስቲያን በወታደራዊ ክብር ተፈጽሞ አስከሬኗ ሞናኮ አረፈ።

እ.ኤ.አ ኅዳር 30 ቀን 2021 የፈረንሳይ መንግሥት ታላላቅ ሰዎቹን በሚያከብርበት ፓንቴዎን ውስጥ መታሰቢያ አቆመላት፤ በዚያ ሥፍራ ይህን ክብር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴትም ሆነች። በቤተሰቧ ፍላጎት አስከሬኗ ከሞናኮ ስላልተነሣ ወደ ፓንቴዎን የገባው ሳጥን የያዘው ከአራት ቦታዎች የመጣ አፈር ብቻ ነው፤ ከሴንት ሉዊስ፣ ከፓሪስ፣ ከሞናኮና ተገድዳ ከወጣችበት ከሚላንድ።