አዳም ስሚዝ በመምህርነቱ

በስኮትላንድ የባሕር ጠረፍ ከተማ በከርኮዲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1723 ዓ.ም. የተወለደው አዳም ስሚዝ አባቱን ሳያውቅ በእናቱ እጅ አደገ። በ14 ዓመቱ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ከዘመኑ ልማድ ወጥቶ በላቲን ፈንታ በእንግሊዝኛ ያስተምር ከነበረው ከፍራንሲስ ሃቺሰን የግብረ ገብ ፍልስፍናን ተማረ። ከ1740 ጀምሮ በኦክስፎርድ ስድስት ዓመት ሲቀመጥ ግን፣ ፕሮፌሰሮቹ ቢያስተምሩም ባያስተምሩም ገቢያቸው ስለማይጎድል አብዛኞቹ ማስተማሩን ፈጽሞ ትተውት አገኘ። መምህር የሚተጋበትን ምክንያትም በኋላ መርምሯል።

በ1751 በግላስጎው ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያ የመምህሩ ገቢ በከፊል ከተማሪዎች ክፍያ የሚገኝ ነበር። በ1764 መጀመሪያ የትምህርቱ ዓመት ሳይፈጸም መሄድ ግድ ሲሆንበት፣ የከፈሉትን ሊመልስላቸው ቢነሣ ተማሪዎቹ አንቀበልም አሉ፤ እርሱ ግን የአንዱን ኮት ይዞ ገንዘቡን በኪሱ እንደ ከተተው ይነገራል።

ስለ ገበያ ምን ያስተምር እንደ ነበር በ1896 ከታተመ የተማሪ ማስታወሻ መረዳት ይቻላል። ስሚዝ በመጀመሪያ የሥራ ክፍፍል ምርትን እንዴት እንደሚያበዛና ዋጋን እንደሚያረክስ በስፒል ሥራ ያስረዳል። ቀጥሎም ያንኑ የሥራ ቦታ በሠራተኛው ዓይን ያሳያል፤ ዕድሜውን በአንዲት ስፒል ቁራጭ ሥራ ላይ የሚፈጅ ሰው አእምሮው ይጠብባል፤ በበርሚንግሃም የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ጥቂት ሳንቲም ስለሚያገኝ ወላጆቹ ከትምህርት ይልቅ ለሥራ ያሰማሩታል።

ፈረንሳይ ሄዶ የተዋወቀውን ኬኔን እጅግ ያከብረው ስለ ነበር መጽሐፉን ሊያበረክትለት አስቦ ነበር፤ ሆኖም ሀብት የሚገኘው ከእርሻ ብቻ ነው የሚለውን ትምህርቱን በመጽሐፉ ውስጥ መርምሮ ተቃወመ። በ1776 የታተመው ይህ መጽሐፍ ባለ መሬቱን፣ ሠራተኛውንና በትርፍ የሚኖረውን ለየብቻ ይመዝናል። አሠሪዎች ደመወዝ ዝቅ ለማድረግ በስውር ሲስማሙ፣ የሠራተኞችን ስምምነት ግን ሕግ እንደሚከለክል ያመለክታል። አሥር ሰዎች ሥራን ተከፋፍለው በቀን 48,000 ስፒል መሥራታቸውን በመጀመሪያው ምዕራፍ ያደነቀው ደራሲ፣ በመጨረሻው ክፍል የሠራተኛውን መደንዘዝ አንሥቶ መንግሥት በየአጥቢያው ርካሽ ትምህርት ቤት እንዲያቆም ይጠይቃል።

ስሚዝ የጉምሩክ ኮሚሽነር ሆኖ ካገለገለ በኋላ በ1790 በኤዲንብራ ዐረፈ። ከሞተ በኋላ ወዳጆቹ የምርቱን ብዛት፣ ተቃዋሚዎቹ የሠራተኛውን ጉዳት ለየብቻ ነጥለው አስተማሩ። የግላስጎው ተማሪዎች ግን ሁለቱንም ከአንድ መምህር ሰምተው ነበር። የፋብሪካን ሥራ ለሚከፋፍልና ለሚያቅድ ባለሙያ ከ48,000ው ቁጥር ጋር አሥሩን ሰዎች አብሮ መቁጠር የሚያስተምረው ይህ ሙሉው ትምህርት ነው።