አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፦ ምሥጢርን መጠጊያ ያደረጉ ሊቅ

በአሥረኛ ዓመት መጽሔታችን ስለ አንድ የጥንት መነኩሴ መጻፋችን እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። ሆኖም እዚህ ሜሪላንድም ቢሆን ሌሊት ሰዓታት ሲቆም የሰማ ሁሉ የደራሲውን ስም ባያውቅም ድርሰታቸውን ሰምቷል።

አባ ጊዮርጊስ በ14ኛው መቶ ዓመት በቤተ አምሐራ፣ ሰግላ በተባለ አገር ተወለዱ። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን ያገለግሉ ነበር። ልጃቸውን ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሰጡ። ገድላቸው እንደሚተርከው ግን ትምህርቱ አልገባ አላቸው። ወደ አባታቸው ቢመለሱም አባትየው ለገዳም የሰጡትን ልጅ መልሰው አልተቀበሉም። ወጣቱ ለመነኮሳቱ እህል እየፈጩ፣ ወደ እመቤታችን እየጸለዩ ዓመታት ቆዩ። በኋላ አእምሯቸው ተከፍቶ የዐፄ ዳዊትን ልጆች እስከ ማስተማር ደረሱ።

ሹመት ግን ጠላት አያጣም። ቢቱ ከሚባል ሰው ጋር በሃይማኖት ተከራክረው ቢረቱም ክስ ተነሣባቸውና ታሰሩ። የተፈቱት ዐፄ ዳዊት በ1413 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ካረፉ በኋላ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ቀዳማዊ አጭር ዘመን ነው።

እንዲህ ከቤተ መንግሥት ወደ እስር የወረደ ሰው ልቡን በምን ያጸናል? እንደ እኔ ግምት መልሱ ቅዱሳት መጻሕፍትን ባነበቡበት መንገድ ላይ ነው። በንባቡ፣ ዕፀ ጳጦስ ሙሴ በሲና ነድዳ ሳትቃጠል ያያት ቁጥቋጦ ናት። በምሥጢሩ ግን እሳተ መለኮትን የተሸከመችው እመቤታችን ናት። የያዕቆብ መሰላል፣ የጌዴዎን ፀምርም እንደዚሁ። ይህ አተረጓጎም ከእርሳቸው በፊትም ነበረ፤ የእርሳቸው ድርሻ ጸሎት አድርገው በየዕለቱና በየሰዓቱ ማዘጋጀታቸው ነው። በስማቸው የሚታወቀው አርጋኖን በሳምንቱ ዕለታት የተከፈለ ነው፤ ሰዓታቱም ሌሊቱን ይሞላል። በቃሉ የያዘው ሰው ብራናው ቢወሰድበት እንኳ ጸሎቱ አይወሰድበትም።

ታዲያ የጸና ልብ ሁልጊዜ ለስላሳ አይደለም። በ1424 የፈጸሙት መጽሐፈ ምሥጢር ከአርዮስና ከንስጥሮስ ጀምሮ እስከ ቢቱ ድረስ መናፍቃን ያሏቸውን የሚቀጣ ብርቱ መጽሐፍ ነው። ጽሞና ፈልጎ የሚከፍተው አንባቢ ይደነግጥ ይሆናል። ሊቁ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩ፤ መታሰቢያቸው ሐምሌ 7 ቀን ነው።

መጽሐፈ ምሥጢርን ያዕቆብ በየነ ከጣሊያንኛ ትርጉም ጋር ከ1990 እስከ 1993 በሉቫን አሳትመውታል። የግእዝ ብራናን በዓይኑ ማየት ለሚሻ ደግሞ፣ ከዊተን በሬድ ላይን ሜትሮ ተሳፍሮ ብሩክላንድ ቢወርድ፣ እዚያ ያለው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ብዙ የኢትዮጵያ ብራናዎች አሉት።