ካርሎስ ፊንላይ፦ ሃያ ዓመት ሰሚ ያጣ ሐኪም

በዚህ ዕትም የሕይወት ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ኩባዊው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ ነው። ፊንላይ እ.ኤ.አ. በ1833 ዛሬ ካማግዌይ በምትባለው የኩባ ከተማ ተወለደ። ሕክምናን በአሜሪካ፣ በፊላዴልፊያ ከተማ ተምሮ በ1855 ከተመረቀ በኋላ አገሩ ገብቶ ሕዝቡን ማከም ያዘ።

በዚያ ዘመን ሐቫናን ያስጨነቃት ቢጫ ወባ ነበር። ስሙ ወባ ይባል እንጂ ከምናውቀው ወባ የተለየ፣ በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በጀርባ ሕመም ይጀምራል። ብዙዎቹ በጥቂት ቀናት ይድናሉ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን ያገረሽና ጉበትን ይጎዳል፤ ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፤ ደም ያስመልሳቸዋል። እዚህ ደረጃ ከደረሱት ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። የዘመኑ ሐኪሞች ደግሞ መነሻው የተበከለ አየርና የበሽተኛ ልብስ ነው ይሉ ነበር።

ፊንላይ በ1881 በሐቫና የሳይንስ አካዳሚ ፊት ቀርቦ በሽታውን የምታስተላልፈው ቢምቢ መሆኗን አስረዳ፤ ዝርያዋንም ለይቶ አመለከተ። ብዙዎች አላገጡበት። የራሱም ሙከራ አላሳመነም፤ ቢምቢዋ የበሽተኛ ደም ከጠጣች በኋላ ለማስተላለፍ ወደ 12 ቀን ያህል እንደሚያስፈልጋት ገና አልታወቀም ነበርና። እሱ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ምርምሩን ቀጠለ።

በ1900 በዋልተር ሪድ የሚመራ የአሜሪካ ጦር የሐኪሞች ቡድን ኩባ ሲገባ፣ ፊንላይ ያረባቸውን የቢምቢ እንቁላሎች ሰጣቸው። የቡድኑ አባል ጄሲ ላዚር በበሽታው ሞተ፤ ሙከራው ግን የፊንላይን ሐሳብ አረጋገጠ። በ1901 በሐቫና የውኃ ማጠራቀሚያዎች ተከድነው ቢምቢ ሲጠፋ በሽታውም ጠፋ። ዝናውን በብዛት የወሰደው ሪድ ነው። ፊንላይ ከ1902 እስከ 1909 የኩባን የጤና ሥራ መርቶ በ1915 ዐረፈ። ለኖቤል ሽልማት ደጋግሞ ቢታጭም አልተሰጠውም።

ይህ ታሪክ እኛንም ይነካል። የቢጫ ወባ ክትባት በ1937 ተገኘ። ሆኖም ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በተነሣው ወረርሽኝ 30,000 ያህል ወገኖቻችን እንዳለቁ ይገመታል። በሽታው በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2020 በጉራጌ ዳግም ታይቷል። ዕውቀት መገኘቱ ብቻ ሕዝብን አያድንም፤ ሰሚ ማግኘትና መንደር ድረስ መዝለቅ አለበት። በባዕድ አገር የምንማር ሁሉ ከፊንላይ ሕይወት የምንቀስመው ትምህርት ይህ ነው።