ኤንሪኮ ፌርሚ

ኤንሪኮ ፌርሚ (ሴፕቴምበር 29 ቀን 1901 – ኖቬምበር 28 ቀን 1954 እ.ኤ.አ.) በጣልያን ተወልዶ በኋላ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። የመጀመሪያውን የኒውክሌር ማብላያ (ሬአክተር) የሠራውን ቡድን መርቷል። ኃይል እያመነጨ አዲስ ነዳጅ የሚያፈራውን ፈጣን ሬአክተር ካሰቡት ሰዎችም አንዱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወትና ስደት

ፌርሚ በሮም ከተማ ተወለደ። አባቱ የምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ እናቱ መምህርት ነበሩ። በ1922 በፒሳ የዶክትሬት ዲግሪውን አግኝቶ በሃያዎቹ ዕድሜው በሮም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1934 እሱና ባልደረቦቹ ኒውትሮኖች በፓራፊን ወይም በውሃ ውስጥ አልፈው ሲዘገዩ የአቶምን አስኳል ይበልጥ በቀላሉ እንደሚለውጡ አገኙ።

በ1935 ፋሺስት ጣልያን ኢትዮጵያን ወረረች። የጦርነቱ ዘመን ውጥረት ለሮሙ የምርምር ቡድንም ተርፎ አባላቱ ወደ ፓሌርሞ፣ ወደ ፓሪስና ወደ አሜሪካ ተበታተኑ። ጅማን ጨምሮ የኢትዮጵያ ከተሞች በወራሪው እጅ በነበሩበት በ1938 የሙሶሊኒ መንግሥት በአይሁዶች ላይ የዘር ሕግ አወጣ። የፌርሚ ባለቤት ላውራ አይሁዳዊት ስለነበረች ቤተሰቡ ለመሰደድ ወሰነ። ፌርሚ በዚያው ዓመት በስቶክሆልም የኖቤል ሽልማቱን ተቀበለና ወደ ሮም ሳይመለስ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ።

የመጀመሪያው ሬአክተር

ዲሴምበር 2 ቀን 1942 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ ከስታዲየም መቀመጫዎች ሥር፣ ከዩራኒየምና ከግራፋይት ጡቦች የተሠራው ሬአክተር ሥራ ጀመረ። ግራፋይቱ ኒውትሮኖችን ያዘገያል፤ የካድሚየም ዘንጎች ደግሞ እየዋጡ ሂደቱን ይገታሉ። ፌርሚ ዘንጉን በጥቂት በጥቂቱ እያስወጣ፣ የመሣሪያው ንባብ ከስሌቱ ጋር መግጠሙን ሳያረጋግጥ አይቀጥልም ነበር። አንድ ሌላ ዘንግ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ገመዱን የሚቆርጥ ሰው መጥረቢያ ይዞ ቆሞ ነበር። ከላይ ደግሞ ሦስት ሰዎች የካድሚየም ፈሳሽ ይዘው ይጠባበቁ ነበር። ከቀትር በፊት አንድ የደህንነት ዘንግ በራሱ ወርዶ ሥራውን ሲያስቆመው ፌርሚ ሁሉንም ለምሳ አሰናበተ። ሙከራው ከሰዓት በኋላ ተሳካ፤ የተገኘው ኃይል ግን ግማሽ ዋት ያህል ብቻ ነበር።

የፈጣን ሬአክተር ሐሳብ

በተፈጥሮ ዩራኒየም ውስጥ በቀላሉ የሚሰነጠቀው ዩራኒየም 235 ከመቶ 0.7 ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው ዩራኒየም 238 ኒውትሮን ሲውጥ ወደ ፕሉቶኒየም ይለወጣል፤ ፕሉቶኒየምም ነዳጅ ይሆናል። በ1944 ፌርሚና ባልደረቦቹ ይህን ዕድል በቺካጎ መከሩበት። ኒውትሮኖቹ ሳይዘገዩ ሲቀሩ ለዚህ ለውጥ የሚተርፉት ይበዛሉ። ውሃ ግን ያዘገያቸዋል፤ ስለዚህ ሙቀቱን የሚያወጣው እንደ ሶዲየም ያለ ቀልጦ የሚፈስ ብረት ነው። ሶዲየም በበኩሉ ከውሃ ጋር ከተገናኘ በኃይል ይቀጣጠላል። ፌርሚ ብዙ ጨረር የሚያስከትልና ለቦምብ የሚውል ቁስ የሚያፈራ የኃይል ምንጭን ሕዝብ ላይቀበለው እንደሚችል በዚያን ጊዜ አሳስቧል።

ከሞቱ በፊትና በኋላ

ከፌርሚ ጋር የሠራው ዋልተር ዚን በአይዳሆ ያስገነባው የሙከራ ፈጣን ሬአክተር በዲሴምበር 1951 አራት አምፑሎች አበራ፤ በ1953ም አዲስ ነዳጅ እንደሚያፈራ ተረጋገጠ። ፌርሚ በ53 ዓመቱ በጨጓራ ካንሰር ቺካጎ ውስጥ ሞተ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1955፣ የማቀዝቀዣው ፍሰት ሆን ተብሎ ተቋርጦ በተደረገ ሙከራ የአይዳሆው ሬአክተር የነዳጅ ዘንጎች በሙቀት ወደ ውስጥ ጎበጡ። ዘንጎቹ ሲቀራረቡ ኃይሉ ጨመረ፤ ነዳጁም በከፊል ቀለጠ። ሰው አልተጎዳም። ቀጥሎ የገባው ነዳጅ ዘንጎቹ እንዳይጎብጡ ተደርጎ ተሠራ።

በሚሺጋን፣ በኢሪ ሐይቅ ዳር የተሠራው ፈጣን ሬአክተር በፌርሚ ስም ተሰየመ። ኦክቶበር 5 ቀን 1966 አንድ የዚርኮኒየም ሉህ ተላቆ የሶዲየሙን መንገድ ዘጋ፤ ሁለት የነዳጅ ጥቅሎች በከፊል ቀለጡ። ሉሁ ዘግይቶ ለደህንነት ሲባል የተጨመረ ነበር። ሬአክተሩ በ1970 እንደገና ሥራ ቢጀምርም በ1972 ተዘጋ።

100ኛው ንጥረ ነገር ፌርሚየም በስሙ ይጠራል።