ወጣቶችን ወደ ባሕርና ወደ ተራራ የመሩ መምህር፤ የኩርት ሐን የሕይወት ታሪክ

በአገራችን ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ። ደብተር ይከደናል፤ የደንብ ልብስም ታጥቦ ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ በብዙ ቤት አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ልጁ እስከ መስከረም ድረስ ምን ሲሠራ ይከርማል የሚለው ነው። አንዳንዱ ወላጅ ልጁን ወደ አያቶቹ አገር ይሰዳል፤ አንዳንዱ የክረምት ትምህርት ያስመዘግባል፤ ብዙ ወጣቶችም ችግኝ ለመትከልና የአረጋውያንን ቤት ለመጠገን በበጎ ፈቃድ ይሰለፋሉ። በአውሮፓና በአሜሪካም ጥያቄው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ ረጅም ዕረፍት በፀሐይ ወራት መዋሉ ብቻ ነው። በዚያ አገር ብዙ ልጆች በዕረፍታቸው ስንቃቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ተራራ ይወጣሉ፤ በታንኳ ይቀዝፋሉ፤ ወደ ገጠርም ወርደው ለማያውቁት ሰው ጉልበታቸውን ያውላሉ።

ይህ ልማድ ከብዙ ምንጭ የተቀዳ ነው። ነገር ግን አስቸጋሪ ጉዞንና ለሰው ማገልገልን በአንድ ሥርዓት አጣምረው የትምህርት ክፍል ካደረጉት ሰዎች መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ጀርመን ተወልደው በእንግሊዝ አገር የታወቁት ኩርት ሐን ናቸው። ዛሬ የእኚህን መምህር ሕይወት በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኩርት ሐን በጁን 5 ቀን 1886 ዓ. ም. በበርሊን ከተማ ከአንድ ሀብታም የአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው የኢንዱስትሪ ባለቤት ነበሩ። ልጁ በምቾት አደጉ፤ ነገር ግን ምቾቱ ከመከራ አላዳናቸውም። ገና በወጣትነታቸው ብርቱ የፀሐይ ምታት አገኛቸውና ለረጅም ጊዜ ታመሙ። ከዚያም ወዲህ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ድረስ ፀሐይን እየሸሹ፤ ከቤት ሲወጡም ሰፊ ባርኔጣ እየደፉ ኖሩ። በሺሕ የሚቈጠሩ ወጣቶችን ወደ ባሕርና ወደ ተራራ የሰደዱት ሰው እሳቸው ራሳቸው ጥላ ፈላጊ ነበሩ ማለት ነው። ሕመሙ ግን ሌላ በር ከፈተላቸው። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ሲማሩ በበጋው ወራት አየሩ ቀዝቃዛ ወደ ሆነው ወደ ሰሜን ስኮትላንድ፤ ሞሬይ ወደሚባለው አውራጃ እየሄዱ ያርፉ ነበር። ያን ጊዜ ለጤናቸው ብለው የመረጡት የባሕር ጠረፍ ከብዙ ዓመታት በኋላ መጠጊያቸው ሆነ።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲነሣ ወደ አገራቸው ተመልሰው በጀርመን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገቡ። ሥራቸውም የእንግሊዝን ጋዜጦች እያነበቡ ለአለቆቻቸው ማስረዳት ነበር። በጦርነቱ መጨረሻ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የመጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑት ከባደኑ ልዑል ማክስ ጋር ተቀራርበው የግል ጸሐፊያቸው ሆኑ። ጀርመን ተሸነፈች፤ ንጉሡም ከዙፋን ወረዱ። ልዑሉና ጸሐፊያቸው ከዚህ ሁሉ ጥፋት በኋላ የተረዱት ነገር ቢኖር አገሪቱ የጐደላት የተማረ ሰው ሳይሆን ያመነበትን በድፍረት ተናግሮ ለሌላው ኃላፊነት የሚሸከም ሰው መሆኑን ነው። ስለዚህ በ1920 ዓ. ም. ከልዑሉ ርስት በአንዱ፤ ቀድሞ ገዳም በነበረውና ከቦደንዜ ሐይቅ አጠገብ በሚገኘው በሳሌም አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

የሳሌም ትምህርት ቤት ከሌሎቹ የሚለይበት ብዙ ነገር ነበረው። እያንዳንዱ ተማሪ የዕለት ተግባሩን ፈጽሞ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ ማንም ሳይቈጣጠረው በራሱ ወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋል። መምህሩም በልጁ ቃል ይተማመናል። ቀኑ ውስጥ ዝም ብሎ የማሰቢያ ሰዓት አለው። ስፖርት የተከበረ ነው፤ ግን ከሁሉ በላይ አልተደረገም። ሐን በተለይ የሚፈሩት ነገር የሀብታም ልጆችን ድካም ነበር። ሀብታም ልጅ ከድኻው ልጅ ጋር አብሮ ሠርቶ፤ ወድቆና ተነሥቶ ካላየ በስተቀር የአባቱ ገንዘብ ሰነፍ ያደርገዋል ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህም ከቤተ መንግሥት የመጣውንና ከአካባቢው መንደር የመጣውን ልጅ በአንድ ክፍል አስቀመጡ። ልጅ ድልን ብቻ ሳይሆን ሽንፈትንም መቅመስ አለበት የሚለው ትምህርታቸው ከዚሁ የመነጨ ነው።

እንግዲህ የሰው ትምህርት የሚፈተነው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። በኦገስት 1932 ዓ. ም. ፖቴምፓ በምትባል መንደር የናዚ ፓርቲ ጭፍሮች አንድን የኮሚኒስት ሠራተኛ በእናቱ ፊት ደብድበው ገደሉት። ገዳዮቹ ሞት በተፈረደባቸው ጊዜ ሂትለር ከጐናቸው መሆኑን በቴሌግራም በግልጽ አስታወቀ። በዚያን ጊዜ ብዙ የተማሩ ሰዎች ነገሩ ያልፋል ብለው ዝም አሉ። ሐን ግን ዝም አላሉም። ከሳሌም ለወጡት የቀድሞ ተማሪዎች ሁሉ ደብዳቤ ጻፉ፤ ከናዚ ጭፍሮች ጋር የተሰለፈ ሁሉ ከሂትለርና ከሳሌም አንዱን እንዲመርጥ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ እንደማይቻል አስታወቁ። ጸሐፊው አይሁዳዊ እንደ ነበሩ፤ ሂትለርም ወደ ሥልጣን ደጃፍ ቀርቦ እንደ ነበረ ስናስብ የደብዳቤው ድፍረት ይታየናል።

ቅጣቱ አልዘገየም። ሂትለር በጃንዋሪ 1933 ሥልጣን በያዘ በሁለተኛው ወር ሐን ተይዘው ታሰሩ። የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ራምሴይ ማክዶናልድን ጨምሮ በውጭ አገር የነበሩ ሰዎች ስለ እሳቸው ስለ ተናገሩ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተፈቱ፤ ነገር ግን ወደ ሳሌም እንዳይመለሱ ተከለከሉ። በዚያው ዓመት በበጋው ወር ያቋቋሙትን ትምህርት ቤት ትተው ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። ዕድሜያቸው 47 ዓመት ነበር። ሁሉን እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነበረባቸው።

በዚህ ጊዜ በወጣትነታቸው ያረፉበት የሞሬይ ጠረፍ ትዝ አላቸው። በ1934 ዓ. ም. በዚያ ሥፍራ ጎርደንስተን የተባለውን ትምህርት ቤት በጥቂት ተማሪዎች ከፈቱ። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ከሳሌም የመጡት የግሪኩ ልዑል ፊልጶስ ነበሩ፤ እኒህም በኋላ የንግሥት ኤልሳቤጥ ባለቤትና የኤዲንብራ መስፍን የሆኑት ናቸው። በጎርደንስተን ተማሪው ከመጽሐፉ ሌላ መርከብ መንዳትን ይማራል፤ በተራራ ላይ ይጓዛል፤ እንጨትና ብረት ይሠራል። ከዚህም ሁሉ በላይ ሐን የባሕር ጠረፍ ጥበቃን ለተማሪዎቹ ሰጡ። ማዕበል በሚነሣበት ሌሊት ልጆቹ ተራ ገብተው በጠረፉ ላይ ይጠብቁ ነበር። የእሳት አደጋ ጓድም ተቋቋመ። ይህ ጨዋታ አልነበረም፤ ልጁ ቢያንቀላፋ ሰው ሊሞት ይችላል። ሐን ወጣት ኃላፊነት የሚሰማው ኃላፊነት በእርግጥ ሲሰጠው ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር ይህን ሸክም ሆን ብለው ጫኑባቸው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ትምህርት ቤቱ ወደ ዌልስ ተዛወረ። በዚያም አንድ አዲስ ነገር ተወለደ። የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች እየመቱ ሲያሰጥሙ ሎሬንስ ሆልት የተባሉ የመርከብ ኩባንያ ባለቤት አንድ ነገር አስተዋሉ። መርከብ ሰጥሞ መርከበኞቹ በነፍስ አድን ጀልባ በባሕር ላይ በሚቀሩበት ጊዜ ጐልማሶቹ ሲተርፉ ብርቱ የሚመስሉት ወጣቶች ፈጥነው ይሞቱ ነበር። ሆልት ወጣቶቹን የጐደላቸው ጉልበት ሳይሆን በራስ መተማመንና ልምድ መሆኑን ተገነዘቡ። ከሐን ጋር ተባብረውም በ1941 ዓ. ም. በአበርዶቪ ከተማ የባሕር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ስሙም አውትዋርድ ባውንድ ተባለ፤ ይህም መርከብ ወደብን ለቆ ወደ ሰፊው ባሕር ሲያመራ መርከበኞች የሚሉት ቃል ነው።

ትምህርቱ አራት ሳምንት ገደማ የሚፈጅ ነበር። ወጣት መርከበኞች፤ የፋብሪካ ተለማማጆችና የትምህርት ቤት ልጆች አንድ ላይ ሆነው በትንንሽ ጓድ ይመደባሉ፤ ጀልባ ይቀዝፋሉ፤ በተራራ ረጅም ጉዞ ይሄዳሉ፤ ሰውን ከአደጋ ማዳን ይለማመዳሉ። ዛሬ በብዙ አገር ለወጣቶች የሚሰጠው የአንድ ወር የበጋ ጉዞ መልኩን በአብዛኛው ያገኘው ከዚህ ነው። ሥራው ከጦርነቱ በኋላም አልቆመም። በ1950 በኢስክዴል የተራራ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1962 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኮሎራዶ ተራሮች ተጀመረ፤ አሁን ከ30 በሚበልጡ አገሮች ይገኛል።

ሐን በ1953 ዓ. ም. ከጤና ጉድለት የተነሣ ከጎርደንስተን አስተዳዳሪነት ወጡ፤ ሐሳባቸው ግን አላረፈም። በ1956 ዓ. ም. የቀድሞ ተማሪያቸው የኤዲንብራ መስፍን በስማቸው የሚጠራውን የወጣቶች ሽልማት እንዲያቋቁሙ ገፋፉ። የኤቨረስትን ተራራ በ1953 ለመጀመሪያ ጊዜ ያስደፈረውን ጓድ የመሩት ጆን ሐንት የሥራው መሪ ሆኑ። ሽልማቱን ለማግኘት ወጣቱ ለሕዝብ ማገልገል፤ በአገር ውስጥ በእግር መጓዝ፤ አንድ ሙያ መልመድና ሰውነቱን ማጠንከር ነበረበት። ውድድሩ ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከገዛ ራስ ጋር ነው። በ1962 ዓ. ም. ደግሞ የልዩ ልዩ አገር ወጣቶች አብረው የሚማሩበት የአትላንቲክ ኮሌጅ በዌልስ በአንድ አሮጌ ግንብ ውስጥ ተከፈተ። እዚያም ትናንት የተዋጉ አገሮች ልጆች በአንድ ጀልባ ተቀምጠው በባሕር የሚሰጥመውን ሰው ለማዳን ይለማመዱ ነበር። ሐን ከጦርነት የሚበልጥ ወኔ የሚገኘው ሰውን ከማዳን ነው የሚለውን እምነታቸውን በዚህ በተግባር አሳዩ።

የዚህን ሰው ታሪክ ስንጽፍ ምስጋና ብቻ ማብዛት ተገቢ አይደለም። በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብና በጠዋት መሮጥ ለአንዱ ልጅ ብርታት ሲሆን ለሌላው ሥቃይ ነበር። በ1962 ወደ ጎርደንስተን የገቡት ልዑል ቻርልስ ደስታ እንዳላገኙበት በሰፊው የታወቀ ነው። ብርቱ ጉዞም ያለ ዕውቀት አደጋ ነው። በ1993 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር በላይም የባሕር ወሽመጥ በታንኳ የወጡ አራት ወጣት ተማሪዎች ሞተው ከሁለት ዓመት በኋላ የእንዲህ ያሉ ጉዞዎችን ደኅንነት የሚቈጣጠር ሕግ ወጥቷል።

ኩርት ሐን በመጨረሻ ዘመናቸው ወደ ጀርመን ተመልሰው በዲሴምበር 14 ቀን 1974 ዓ. ም. በ88 ዓመት ዕድሜያቸው አረፉ። የተቀበሩት ተባርረው በወጡበት በሳሌም ነው። ሚስት አላገቡም፤ ልጅም አልወለዱም።

ዛሬ ለወጣቶች የሚዘጋጀው የበጋ ጉዞና አገልግሎት በብዙ ቦታ የገበያ ዕቃ ሆኗል። ወላጅ ብዙ ገንዘብ ይከፍላል፤ ልጁም ሩቅ አገር ሄዶ የመንደሩ ሰው በተሻለ ሁኔታ ሊቀባው የሚችለውን ግድግዳ ቀብቶ፤ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይመለሳል። የሐን ሕይወት ለዚህ መለኪያ ይሰጠናል ብለን እናምናለን። መለኪያውም ሥራው ለተቀባዩ በእርግጥ ያስፈልገዋልን፤ ልጁስ ባይመጣ የሚጐድል ነገር አለን ብሎ መጠየቅ ነው። የሞሬይ ልጆች ጥበቃ ላይ ባይገኙ ጠረፉ ያለ ጠባቂ ያድር ነበር።

ለዚህ ደግሞ ውቅያኖስ መሻገር ግድ አይደለም። ክረምት በመጣ ቍጥር ጣራዋ የሚያፈስባት አሮጊት በእያንዳንዱ ሰፈር አለች፤ ጐርፍ የሚገባበት ቦይም እንዲሁ። ልጆቻችን በዕረፍታቸው ምን ይሥሩ ብለን በምንጨነቅበት ጊዜ መጀመሪያ ጎረቤታችን ምን እንደጐደለው መጠየቅ መልካም ጅማሬ ይሆናል። ነገር ግን ሥራውን ከሰጠናቸው በኋላ ከእጃቸው መልሰን መንጠቅ የለብንም፤ ማዕበል በሚነሣበት ሌሊት ልጆቹን አምነው ጠረፉን ያስጠበቁት መምህር ያስተማሩት ይህንኑ ነውና።