የአመዳይን መልክ የመዘገቡት ስደተኛ ሊቀ ጳጳስ

በሀገራችን ከሰማይ ረግቶ የሚወርደው ሁሉ በተለምዶ በረዶ ይባላል፤ አመዳይ የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የምናውቀው ከመዝሙረ ዳዊት ነው። ለሰሜን አውሮፓ ሕዝብ ግን አመዳይ የየክረምቱ ኑሮ ነው። የአመዳይ ቅንጣት መልኩ ልዩ ልዩ መሆኑን በሥዕል አትመው ካወጡት የአውሮፓ ጸሐፊዎች ቀዳሚው የኡፕሳላው ሊቀ ጳጳስ ኦላውስ ማግኑስ ናቸው።

ኦላውስ በ1490 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስዊድን ተወለዱ። በ1518 እና በ1519 ለቤተ ክርስቲያን ተልእኮ እስከ ሰሜኑ ዳርቻ ተጉዘው የብርዱን ምድርና የሕዝቡን አኗኗር በዓይናቸው አዩ። ቆየት ብሎም ንጉሡ ጉስታቭ ቫሳ ለመልእክት ወደ ውጭ ላኳቸው። ስዊድን ከሮም ስትለይ እርሳቸው በካቶሊካዊት እምነታቸው ጸኑ፤ ስለዚህም ንብረታቸው ተወረሰ፤ ሀገራቸውንም ዳግመኛ አላዩም። በ1544 ወንድማቸው ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ በስደት ሲያርፉ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ በመንበሩ ሾሟቸው። ሹመቱ የስም ብቻ ነበር፤ ሀገረ ስብከታቸውን አንድ ቀን እንኳ ሊያስተዳድሩ አልቻሉም። በትሬንቶ ጉባኤ ግን ተገኝተዋል።

ለመንጋቸው መድረስ ያልቻሉት እረኛ ስለ ሀገራቸው ጻፉ። በ1555 በሮም ያሳተሙት የሰሜን ሕዝቦች ታሪክ የአመዳይን ቅርጾች የሚያሳይ ሥዕል ይዟል። ከመካከላቸው ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ይገኛል፤ እጅ፣ ዓይንና ደወል የሚመስሉም አሉ፤ እነዚህን እንኳ በተፈጥሮ ያየ የለም! ከብዙ ዘመን ስደት በኋላ ለተሠራ ሥራ ግን ስሕተቱ የሚያስነቅፍ አይመስለንም፤ አመዳይ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ተረድተው ነበርና።

ዮሐንስ ኬፕለር በ1611 ቅንጣቱ ስለምን ሁልጊዜ ስድስት ማዕዘን እንደሚኖረው ጠየቀ። በ1951 የዓለም አቀፍ ሊቃውንት ረግቶ የሚወርደውን በ10 ክፍል መደቡት፤ ዝርግ፣ ኮከብ፣ ዓምድና መርፌ መሰሎቹ ከእነዚህ ናቸው። ቅርጹን የሚወስኑት በደመናው ውስጥ ያለው ብርድና እርጥበት ናቸው። ቅንጣቱ ሲወርድ የደመና ጠብታዎች እየረጉ ከተጣበቁበት ነጭና ልል እንክብል ይሆናል። እኛ የምናውቀው የነጎድጓድ በረዶ ግን ጠጣር ነው፤ የአየር ጠባይ ተመልካቾችም በዚህ ስም የሚመዘግቡት ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ወይም ሲበልጥ ነው።

ሊቀ ጳጳስ ኦላውስ በ1557 በሮም ዐርፈው በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን፣ በወንድማቸው አጠገብ ተቀበሩ።