ሙዚቃውን ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ የሞተው ራቬል

ቦሌሮን ሰምታችኋል? ስሙን ባታውቁት እንኳ ዜማውን ሳትሰሙት አትቀሩም (ከሰፈራችን ቦሌ ጋር አይገናኝም)። አንድ ከበሮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንኑ ምት ይመታል፣ ሁለት ዜማዎች ይደጋገማሉ፣ ድምፁ ቀስ በቀስ እየገዘፈ ሄዶ 15 ደቂቃ አካባቢ ላይ ይፈነዳል። የሠራው ፈረንሳዊው ሞሪስ ራቬል ነው። ዛሬ ያነሳነው ግን ቃላት ስለከዱት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1875 ለስፔን ድንበር ቅርብ በሆነችው ሲቡር ተወለደ። አባቱ መሐንዲስ፣ እናቱ የባስክ ሰው ነበሩ። ፓሪስ ተማረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጭነት መኪና ነዳ። ትዳር አልያዘም። በ1928 ቦሌሮ ፓሪስ ላይ ሲቀርብ ስሙ ዓለምን ዞረ።

በ1932 የተሳፈረበት ታክሲ ተጋጭቶ ተጎዳ። ምልክቶቹ ግን ከዚያም በፊት ጀምረው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጎበዝ ዋናተኛው ራቬል ባህር ውስጥ እጁንና እግሩን ማዘዝ አቃተው። ቀጥሎ ፊርማው ጠፋበት፤ ደብዳቤ መጻፍ፣ ኖታ አይቶ መጫወት ከበደው።

የሚገርመው እዚህ ጋ ነው። ሐኪሙ ቴዎፊል አላዧኒን ሲመረምረው ሙዚቃ የመስማት ችሎታው እንዳለ ነበር። የራሱን ሥራ ሆን ብለው አበላሽተው ሲያሰሙት ስህተቱን ወዲያው ይይዛል። ስለ ዣን ዳርክ ኦፔራ ሊሠራ አስቦ ነበር፤ ሐሳቡ አለ፣ ወረቀት ላይ ማውረድ ግን አልቻለም። እኛ ቃል ምላሳችን ላይ ሲቀር ለደቂቃ እንበሳጫለን፤ እሱ ዓመታት እንዲህ ኖረ።

በሽታው ምን ነበር? ሐኪሞች ዛሬም ይከራከራሉ። ብዙ ከሚጠቀሱት አንዱ ቋንቋን ቀስ በቀስ የሚነጥቀው የመርሳት በሽታ ዓይነት፣ ፕራይመሪ ፕሮግረሲቭ አፌዚያ ነው። ቦሌሮ ራሱ እንዲያ የሚደጋገመው በሕመሙ ምክንያት ነው የሚሉም አሉ። እኛ አልተዋጠልንም፤ ከቦሌሮ በኋላ ሁለት ድንቅ የፒያኖ ኮንቼርቶዎች ሠርቷል።

ዛሬ ቢሆን መድኃኒት ያድነው ነበር? አያድነውም። ይህን አፌዚያ የሚያቆም መድኃኒት እስካሁን የለም። መነሻው አልዛይመር ከሆነ ሐኪሞች እንደ ዶኔፔዚል ያሉትን ሊያዙ ይችላሉ፤ ለጊዜው ትንሽ ቢያግዝ ነው። መነሻው የፊትና የጎን አንጎል መሟሸሽ ሲሆን ደግሞ ሜማንቲን ተሞክሮ አልጠቀመም። ዶኔፔዚልም እንዲህ ዓይነቱን ሕመምተኛ ባህርይ ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ መነሻውን መለየት ይቀድማል። ዋናው እገዛ የንግግር ሕክምና ነው፦ ቃላትን መለማመድ፣ በሥዕልና በምልክት መግባባት።

በራቬል ዘመን የአንጎል ስካን አልነበረም። ዕጢ ይኖር ይሆናል ተብሎ በታኅሣሥ 1937 ቀዶ ሐኪሙ ክሎቪስ ቬንሳን የራስ ቅሉን ከፈተ። ዕጢ አልተገኘም። ራቬል ለአፍታ ነቅቶ ወንድሙን ኤድዋርን ጠራ፣ ከዚያ ራሱን ሳተ። በዚያው ወር 28 ቀን በ62 ዓመቱ አረፈ። አንጎሉ ከሞተ በኋላም አልተመረመረም።